የየካቲት አቧራና የአክስቴ መስኮት

የመኪና መስታወት ላይ ፊልም መለጠፍ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቀላል ሥራ ነው። ለጣፊው ውሃ ይረጫል፣ ከጀርባው ያለውን ላስቲክ ይልጣል፣ ይለጥፋል፣ በጎማ ይገፋል፣ አበቃ። አዲስ አበባ ላይ በሩ የሚዘጋ፣ ወለሉ የሚታጠብ ጋራዥ ላለው ሰው እውነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጉራጌ ውስጥ፣ ጉንችሬ ከተማ ላይ፣ ያውም በየካቲት፣ ነገሩ ይለያል። የካቲት ማለት የበልጉ ዝናብ ገና ያልጠናበት፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ወደየሰፈሩ የሚገቡት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ባጃጅ ባለፈባቸው ቁጥር አቧራቸው የሚነሣበት ወር ነው። ፊልም ደግሞ ከምንም ነገር በላይ አቧራን ይጠላል። በመስታወቱና በፊልሙ መካከል የገባች አንዲት ደቃቅ አፈር ዕድሜ ልኳን እዚያው ትኖራለች፤ ዙሪያዋን አየር ይዛ ታብጣለች፣ ፀሐይ ባረፈባት ቁጥር ትታያለች።

እኛን ወደዚህ ሥራ ያስገባን የአክስቴ ዓይን ነው። አክስቴ ቡታጅራ፣ ግራርቤት ሆስፒታል፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ተነሥቶላቸዋል። ዓይናቸው በራ፤ የልጅ ልጆቻቸውን መልክ እንደገና ለዩ፤ ቤቱ ሁሉ እልል አለ። ከዚያ በኋላ ግን ብርሃን ይከብዳቸው ጀመር። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ሐኪሞቹም ጥቁር መነጽር አዘውላቸዋል። ቤት ውስጥ ችግር የለም። ለክትትል ወደ ቡታጅራ ሲሄዱ ግን በልጃቸው ቪትዝ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚጓዙት። «ልጄ፣ ከፊት የምትመጣው ፀሐይ ግድ የለም፤ ከጎን የምትመጣው ናት በመነጽሩ ዳር ገብታ የምትወጋኝ» አሉኝ። የአክስቴ ልጅ መስኮቱ ላይ ነጠላ ሰቅሎላቸው ሞክሯል። ነጠላው በነፋስ ይወድቃል፤ ሳይወድቅ ሲቀር ደግሞ ሾፌሩን ከጎን የሚመጣውን መኪና ይከልለዋል።

አክስቴ ሳያውቁት የተናገሩት ነገር ትክክል ነው። የመኪና የፊት መስታወትና የጎን መስታወት አንድ ዓይነት አይደሉም። የፊቱ ሁለት መስታወት በመካከሉ ቀጭን ፕላስቲክ ገብቶበት የተጣበቀ ነው፤ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። የዚህ ሐሳብ ምንጭ ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ከመደርደሪያ የወደቀ ብልቃጥ ተሰንጥቆ ሳይበታተን ቢቀር ገርሞት ሲመረምረው ውስጡ የደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ሽፋን አገኘ ይባላል፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ ያ በመካከል የሚገባው ፕላስቲክ መስታወቱን ከመያዙ ሌላ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። የጎኑ መስታወት ግን በሙቀት የጠነከረ አንድ ነጠላ መስታወት ነው። ሲሰበር ወደ ትናንሽ እንክብል ይበተናል፤ ከአልትራቫዮሌቱም ረጅሙን ሞገድ፣ ቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውን፣ ብዙውን ያሳልፋል። ደጋ ላይ ይህ ይብሳል፤ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአልትራቫዮሌቱ ኃይል ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለታመመ ዓይን ፊልም የሚያስፈልገው የጎኑ መስኮት ነው። የፊቱ ባይነካ ይሻላል፤ መንገዱን የሚያሳየን እሱ ነውና።

ፊልሙን መርካቶ ገዝቼ እንድመጣ ለእኔ ተሰጠ። ገበያው ላይ ፊልም የሚጠራው በቁጥር ነው፤ 5፣ 20፣ 35፣ 50፣ 70። ቁጥሩ የሚያልፈውን ብርሃን በመቶኛ ይናገራል፤ 5 ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ 70 ደግሞ መለጠፉ እንኳን የማያስታውቅ። መስታወቱ ራሱ ጥቂት ብርሃን እንደሚያስቀር ግን አይረሳ። 75 በመቶ የሚያሳልፍ መስታወት ላይ ባለ 35 ፊልም ቢለጠፍ የሚያልፈው 35 ሳይሆን ወደ 26 ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ በጣም ጥቁሩን አውጥቶ ሙቀት የሚባል አያሳልፍም ብሎ ማለልኝ። ይህ እምነት ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ቆም ብዬ ልናገርበት። ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ነው። ተራ ቀለም የተነከረ ፊልም የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ኢንፍራሬዱን ብዙም አይነካውም፤ ውስጡ ጨልሞ ይሞቃል። ሴራሚክ የሚባለው ፊልም ደግሞ ነጣ ብሎም ኢንፍራሬዱን ያስቀራል። ተራው ሌላም ዕዳ አለበት፤ ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። በየመንገዱ የምናያቸው ሐምራዊ መስታወት ያላቸው አሮጌ መኪኖች ታሪካቸው ይኸው ነው።

ሌላ ሱቅ ገባሁ። እዚያ ያለው ሽማግሌ ነጋዴ ብዙ አልተናገረም። ትኩስ የሃሎጅን አምፖል አበራ፣ እጄን ከፊቱ እንድዘረጋ አደረገ፣ ከዚያ በአምፖሉና በእጄ መካከል አንዴ ጥቁሩን ፊልም፣ አንዴ ነጣ ያለውን አስገባ። በጥቁሩ ጊዜ መዳፌ መሞቁን ቀጠለ፤ በነጣው ጊዜ ሙቀቱ ጠፋ። ክርክሩ እዚያው አበቃ። ባለ 50 ሴራሚክ ገዛሁ፤ አልትራቫዮሌቱን 99 በመቶ እንደሚያስቀር ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ደህና ፊልም ሁሉ ይህን ያህል ያስቀራል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ባለበት ሱቅ ደንበኛ ባይጠፋ ደስ ይለኛል።

መከራው መንገድ ላይ ጀመረ። ፊልም በካርቶኑ ውስጥ ቆሞ መጓዝ አለበት፤ ከተጋደመና ከተጫነው ይታጠፋል፤ የታጠፈበት መስመር ደግሞ በውሃም በሙቀትም አይጠፋም። እስከ ወልቂጤ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በጉልበቴ መካከል አቁሜው መጣሁ። ከወልቂጤ በጉብሬና በእምድብር በኩል ወደ ጉንችሬ የሚወስደኝ ሚኒባስ ላይ ግን ሰው ሞላ፤ ረዳቱ ቦታ ለማስፋት ካርቶኑን ከወንበር ሥር አጋድሞ የሽንኩርት ጆንያ ጫነበት። ስንደርስ ስንፈታው ከዳር ያለው ክፍል ታጥፎ ነበር። ደግነቱ ጥቅሉ ረጅም ነው፤ ለሁለት የኋላ በሮችና ለኋላው መስታወት የሚበቃ ንጹሕ ክፍል ተረፈን። ለስሕተት የሚሆን ትርፍ ግን እምብዛም አልቀረም።

ጉንችሬ ላይ ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ ሰው አላገኘንም። ያገኘነው ባጃጅ ላይ ጽሑፍና ስቲከር የሚለጥፍ ወጣት ነው። እጁን አይቼ ወደድኩት። ፊደሉን በካተር ሲቆርጥ ቀለሙን ሳይጭር ወረቀቱ ድረስ ብቻ ይወርዳል፤ እንዲህ ምላጭ የሚቆጣጠር እጅ ላለው ሰው የፊልሙ ሥራ ግማሹ አልቆለታል። «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው በደረቁ መለጠፍ ነው፤ ይኼ በውሃ ነው አሉ፤ አብረን እንየዋ» አለኝ። ደስ የሚል አነጋገር ነው። አውቃለሁ ብሎ የማያውቀውን ከሚነካ ሰው ይህ ወጣት ስንት እጥፍ ይሻላል።

ውሃው ሁለት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ ፊልሙ መስታወቱ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ አስተካክሎ ለማስቀመጥ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ተገፍቶ ሲወጣ የቀረውን ደቃቅ ነገር ይዞ ይወጣል። ለአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ይበቃል። ሳሙናው ከበዛ ሙጫው አይይዝም፤ ካነሰ ደግሞ ፊልሙ ባረፈበት ይጣበቃል፣ ማንቀሳቀስ አይቻልም። የዱቄት ሳሙና ፈጽሞ አይሆንም፤ ያልሟሟ ቅንጣት ይተዋል። የውሃው ንጽሕና ግን እኛን ከሳሙናው የበለጠ አስቸግሮናል። የቧንቧው ውሃ በዚያ ሳምንት አይመጣም ነበር፤ በጀሪካን የተቀዳው የጉድጓድ ውሃ ሲታይ ጥሩ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ አሳድረነው ጠዋት ስናየው ከሥሩ ቀጭን አፈር አርፏል። ያ አፈር በሚረጨው ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ በገዛ እጃችን አቧራ መርጨታችን ነበር። ለማጠቢያው የጉድጓዱን፣ ለመለጠፊያው የታሸገ ውሃ ተጠቀምን። ለአንዲት ትንሽ መኪና ጥቂት ሊትር ስለሚበቃ ወጪው አይከብድም።

መጀመሪያ የሠራነው በወጣቱ ሱቅ ደጃፍ፣ መንገድ ዳር ነው። መስታወቱን ላቫጆ ካጠቡት በኋላም ደግመን አጠብነው። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። ዓይን የማያየው ቅባት፣ የድሮ ስቲከር ሙጫ፣ የዛፍ ጭማቂ፣ ሁሉም መስታወቱ ላይ አለ። አዲስ ምላጭ እርጥብ መስታወት ላይ በቀስታ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል፤ ቆሻሻ ካለ ይንኮሻኮሻል፣ ሲጠራ ዝም ይላል። ወጣቱ ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ ነበር የሚያጸዳው። መስኮቱን በሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገን ላይኛውን ጠርዝ፣ ጎማው ውስጥ የሚደበቀውን፣ ጠረግን፤ አብዛኛው አቧራ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከዚያ ፊልሙን በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ ዘርግተን በልኩ ቆረጥነው። የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ቢሆንም ልኩ የሚወጣው በውጭ ነው፤ ላስቲኩ ወደ ሚቆርጠው ሰው ይዞራል። ሁሉ ነገር አማረ። ላስቲኩን ልጠን ሙጫው ራቁቱን በቀረበት ቅጽበት አሸዋ የጫነ አይሱዙ በፍጥነት አለፈ። ወጣቱ በገዛ ደረቱ ሊከልለው ሞከረ፤ አልቻለም። ከንፈሩን ነክሶ ፊልሙን አጣጥፎ ጣለው።

ስለ ጉራጌ መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የሚያዝነው በአቧራው ብቻ አይደለም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ አገራቸው መንገድ እንዲገባ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙ ናቸው። መንግሥት እስኪያመጣላቸው ያልጠበቁ ሰዎች ልጆች ዛሬም የውስጥ ለውስጡን መንገድ እየጠበቁ መሆናቸው ያሳስበኛል። ወደ ፊልሙ ልመለስ።

ሌላ ቦታ ፈለግን። የአክስቴ ልጅ ጀፎረ ላይ እንሥራ አለ። ጀፎረ ለማያውቅ አንባቢ፣ በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ሲሠሩ በመካከላቸው የሚተወው ሰፊና ረጅም ሣር የለበሰ መስክ ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የልጆቹ ጨዋታ፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ሁሉ እዚያ ነው፤ ማንም ገፍቶ አጥሩን እንዳያስገባበት ባህሉ ይጠብቀዋል። ሣር ስላለው አፈር አይነሣም። እኔ ከዚህ መስክ የበለጠ የተዋበ የመንደር አሠራር በአገራችን አላየሁም፤ ግን ለፊልም ሥራ አንድ ጉድለት አለው፣ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ስለሆነ ነፋሱን የሚይዘው የለም። ፊልሙን ሁለት ሰው ይዞት እንኳን ነፋስ አጥፎ ሙጫውን ከሙጫ ያገናኘዋል። ከተገናኘ ተለያይቶ አያገለግልም። በመጨረሻ መኪናዋን በአክስቴ ቤት ጓሮ፣ በቤቱ ግድግዳና በእንሰቱ መካከል አስገባናት። እንሰቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ነፋሱን ሰበረልን። መሬቱን ውሃ አርከፍክፈን አረጠብነው። አየሩ ላይም ውሃ ረጨን፤ የተንሳፈፈው አቧራ ከእርጥበቱ ጋር ይወርዳል። ባለሙያዎቹ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ እንኳን ይህን ያደርጋሉ።

አክስቴ ደስ ብሏቸው ወጡ፤ መስታወቱ ይደርቅ ብለው ንጹሕ ነጠላ ይዘው ሊጠርጉልን ተነሡ። ወጣቱ በትሕትና እጃቸውን ያዘ፤ «እትዬ፣ ይተዉት፣ ጥጥ ይተፋል» አላቸው። እውነቱን ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ሁሉም ክር ይተዋሉ፤ ክር ደግሞ ከአቧራ ይረዝማል፣ ይበልጥ ይታያል። የመጨረሻው ማድረቅ በጎማ መግፊያ ብቻ ነው የሚሆነው። የለጣፊው ልብስም ይታሰብበታል፤ ወጣቱ የሱፍ ሹራቡን አውልቆ ክንዱን አረጠበ። ማጀት ውስጥ ቡና እየተቆላ ነበር፤ ጭሱ ወደ እኛ እንዳይመጣ የጓሮው በር ተዘጋ። አክስቴ ወንበር አስመጥተው እዚያው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሥራውን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ።

አለጣጠፉን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሥራው እዚህ ላይ ነው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው። ላስቲኩ ከላይ ጀምሮ ይላጣል፤ አንዱ ሲልጥ ሌላው ወዲያው ሙጫው ላይ ሳሙናውን ውሃ ይረጫል፤ ሙጫው ደረቅ ሆኖ አየር እንዲያይ አይተውም። ጣት ሁሉ እርጥብ መሆን አለበት፤ ደረቅ ጣት የነካው ሙጫ አሻራ ይይዛል። መጀመሪያ ላይኛው ጠርዝ ይቀመጣል፤ ከመስታወቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይቀርለታል። እስከ ጫፉ የደረሰ ፊልም መስኮቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ጎማውን እያሻሸ ይላጣል። ከዚያ የፊልሙ ፊት ይረጫል፣ መግፊያው እንዲንሸራተት። የመጀመሪያው ግፊት ከመካከል ይጀምርና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቀጣዩ የፊተኛውን ትንሽ እየደረበ ይወርዳል፤ ውሃው ሁልጊዜ ወዳልተገፋው በኩል ይሸሻል። አክስቴ ይህን አይተው «ከቆጮ ላይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው፤ አንድ ቦታ ከተውክለት እዚያው ይቀመጣል» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት እኔም አልችልም። ላይኛው ክፍል ከያዘ በኋላ መስኮቱ ይዘጋል፤ የታችኛው ጠርዝ በበሩ ጎማ ሥር በቀጭን ካርድ ተገፍቶ ይገባል። የጎማው ሥር የአፈር መኖሪያ ስለሆነ ላስቲኩ ከታች በኩል የሚላጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጎማውንም ቀድሞ በወረቀት ፕላስተር ወደ ኋላ መሳብ ይጠቅማል። ሁለቱ የጎን መስኮቶች እንዲህ ሆነው አለቁ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በሰያፍ ሲያያቸው አንዲት ነጥብ አላገኘም፤ ሳቁ እስከ ጆሮው ደረሰ።

የኋላው መስታወት ሌላ ፈተና ነው። የቪትዝ የኋላ መስታወት ወደ ጎንም ወደ ላይም የጎበጠ ነው፤ ጠፍጣፋ ፊልም እዚያ ላይ ሲዘረጋ ዳርና ዳሩ ይጨማደዳል። ፊልሙ የተሠራበት ፖሊኢስተር ግን ሲሞቅ ይሰበሰባል። በውጭ በኩል ተዘርግቶ ሽብሽቦቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ይሰበሰባሉ፤ ፊልሙ ሲሞቅ የሚሰበሰበው በጥቅሉ ርዝመት አቅጣጫ ነውና። ከዚያ ሙቅ አየር በሚተፋው መሣሪያ አንድ በአንድ እየሞቁ በመግፊያ ይጨፈለቃሉ። መሣሪያው አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም፤ ፊልሙን ያቃጥላል፣ ይባስ ብሎም መስታወቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ውስጡን በምላጭ መፋቅም አይገባም፤ ጭጋግ የሚያጠፉት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች ይቆረጣሉ። ወጣቱ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ይዞ ግማሹን ሽብሽቦ እንደጨረሰ መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። ጎረቤት የሆኑ ደግ ሰው የከሰል ካውያ አጋፍመው ይዘው መጡ። አሳባቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ወጣቱ ግን አመስግኖ መለሳቸው። ካውያ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አመድም ይጥላል። መብራት የመጣው ከመሸ ነው። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሎት በረንዳው ላይ ያለውን አምፖል ወደ መኪናዋ አዞረው፤ ወዲያው የእሳት እራትና ትንኝ ብርሃኑን ከብበው ወረዱ። እርጥብ ሙጫ ላይ ያረፈች ትንኝ ከአቧራ ትከፋለች፤ ክንፏ ተለይቶ ይቀራል። ወጣቱ ሽብሽቦውን ብቻ ጨረሰ፣ ላስቲኩን ሳይልጥ ፊልሙን መልሶ ጠቅልሎ አሳደረው። ጠዋት በማለዳ፣ ጤዛ መሬቱን አርጥቦት፣ ነፋስ ገና ሳይነሣ፣ ለጠፈው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ገጠር ከተማ ላይ ከማለዳው የተሻለ የፊልም ሰዓት የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው መታገሥ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ፊልሙ ሥር ውሃ አለ፤ መስታወቱ የደፈረሰ ይመስላል፣ ትናንሽ የውሃ እብጠቶች ይታያሉ። እነዚህ በፀሐይ ይጠፋሉ፤ በመርፌ መብሳት አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። መስኮቱን ግን ለጥቂት ቀናት፣ ቢቻል ለሳምንት፣ ዝቅ ማድረግ ክልክል ነው። ይህን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነግረን ሳንጨርስ የአክስቴ የልጅ ልጅ በኋላ በር ገብቶ ቁልፉን ተጫነ። መስኮቱ ወረደ፤ የፊልሙ የታች ጠርዝ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ቀረና ታጠፈ። ልጁ ስድስት ዓመት ያልሞላው ነው፣ ማንም አልተቆጣውም። ያንን በር ከመጀመሪያው ጀምረን ሠራነው፤ የቀረን ንጹሕ ፊልምም በዚያው አለቀ። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ቁልፎቹን ሁሉ በፕላስተር ሸፈናቸው።

ከፊት ባሉት ሁለት በሮች ላይ ፊልም ለምን አልለጠፋችሁም ያሉን ብዙ ናቸው፤ ሙሉ ቢጠቁር ያምር ነበር ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የጉራጌ መንገድ ላይ ማታ ሰው ይሄዳል፣ ከብት ይሄዳል፣ አህያ ጭኖ የሚመለስ ገበያተኛ ይሄዳል። ሾፌሩ የጎን ስፖኪዮውን የሚያየው በፊተኛው በር መስኮት በኩል ነው፤ እሱ ከጨለመ ከጎን ያለውን ሰው አያየውም። መንገደኛውም የሾፌሩን ዓይን አይቶ ነው የሚያቋርጠው። ትራፊክ ፖሊስ ጨለማ መስታወት ያለውን መኪና ማስቆሙ ሾፌርን ለማስቸገር ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ማን እንዳለ፣ ሾፌሩም ምን እንደሚያይ ማወቅ ስላለበት ነው። ማንኛውንም ፊልም ከመለጠፍ በፊት፣ ነጣ ያለውንም ቢሆን፣ የአካባቢውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። የአክስቴ ልጅ ጠይቆ ነው ያስለጠፈው።

ለክትትል ወደ ቡታጅራ ስንወርድ አክስቴ መነጽራቸውን እንዳደረጉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ። በየመንገዱ ያለውን እንሰት፣ አዲስ የተሠራውን ቆርቆሮ ቤት፣ የማን አጥር እንደተጠገነ እየተናገሩ ነበር። ፊልም የሐኪምን መነጽር አይተካም፤ ሐኪሙም መነጽሩን እንዳይተዉ አሳስቧቸዋል።

በቤታችሁ ዓይኑን የታከመ አዛውንት ካለና መኪናችሁን ለማሠራት ካሰባችሁ፣ በየካቲት አቧራ አትሞክሩት። የበልጉ ዝናብ መሬቱን ካረጠበ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በአንድ ማለዳ አሠሩት። ክረምት ከገባ በብርዱና በእርጥበቱ ፊልሙ ቶሎ አይደርቅም፤ ያኔ እስከ መስከረም ቆዩ።